ለበረሃ የእግር ጉዞ የራስ መሸፈኛ መምረጥ፦ ነጠላ፣ ባለ ዳማ ሻርፕ፣ አቡጀዲ ወይስ የሚለጠጠው የአንገት ልብስ?

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ዳሎል የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መነሻው ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ ነው፤ መድረሻው ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ የጨው ሜዳ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ሲባል ሌሊቱም፣ ታኅሣሥና ጥርም ተደምረውበት ነው። እኛ ግን ለዚያ አገር የሚሆነውን የራስ መሸፈኛ የምንመርጠው እዚሁ፣ የጠዋቱ ብርድ ጆሯችንን እየቆነጠጠን ነው። ስለዚህ እጃችን ሳናውቀው ወደ ወፍራሙ፣ ወደ ጠባቡና ወደሚያሞቀው ጨርቅ ይዘረጋል። በረሃ ላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ይኸው ምርጫ ነው።

ከገላን፣ ከአቃቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎና ከሌሎቹም የከተማው ዳርቻ ሰፈሮች ተሰባስበው ወደ አፋር የሚወርዱ የእግር ተጓዦች ከዓመት ወደ ዓመት እየበረከቱ ነው። ስለ ጫማና ስለ ውኃ ብዙ ይነጋገራሉ፤ ስለ ራስ መሸፈኛ ግን የሚነጋገር ጥቂት ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ ጊዜ ያለው ሰው ለሸማኔ ነግሮ ያሠራ፤ የቸኮለ ንጹሕ ጥጥ የሆነ ባለ ዳማ ሻርፕ ይግዛ፤ የሚለጠጠውን፣ እንደ ቱቦ የተሰፋውን የአንገት ልብስ ግን ማንም ብቸኛ መሸፈኛው አድርጎ በረሃ አይውረድ። ምክንያቶቼን በየተራ አቀርባለሁ።

ከጨርቁ የምንፈልገው

ብዙ ሰው የበረሃ ፀሐይ ከደጋው ፀሐይ ይልቅ ቆዳ የምታቃጥል ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በከፍታ ብቻ ካየነው፣ ከየረር ተራራ ሥር ጤፍ የሚያጭድ ገበሬ ፊት ላይ የሚያርፈው ጨረር ዳሎል ላይ ከሚያርፈው ይበረታል፤ የማይታወቀው አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ነው። የበረሃው ልዩነት ከእግር በታች ይጀምራል። እዚህ የምንረግጠው ጥቁር አፈር ብርሃኑን ይውጠዋል። ዳሎል አጠገብ ያለው የአሳሌ ሐይቅ ነጭ ጨው ግን መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። በጨው ሜዳ ላይ የሚቃጠለው ግንባር ብቻ አይደለም፤ አገጭ ሥር ያለው ቆዳ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ፣ የጆሮ ጀርባም ይላጣል። ከላይ ብቻ የሚከልል ነገር ሁሉ፣ ባርኔጣም ይሁን ዣንጥላ፣ ለዚህ አይበቃም።

ሁለተኛው ጉዳይ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሰውነታችን በበረሃ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ዋነኛ መንገድ ይህ ነው። ሳይተን ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀ ላብ ግን ውኃችንን ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ጥሩ የራስ ጨርቅ ላቡን ጠጥቶ ለነፋስ የሚሰጥ፣ በራስ ቆዳና በራሱ መካከልም አየር የሚያላውስ መሆን አለበት።

ስለ ቀለም ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። ነጭ ሙቀት ይመልሳል፤ ጥቁር ይስባል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የበረሃ ዘላን ዓረቦች የሆኑት ቤዱዊኖች በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ቀሚስ የሚለብሱበትን ምክንያት መርምሮ ነበር። ጥቁሩ ልብስ የበለጠ ሙቀት ቢስብም፣ ልብሱ ሰፊና ልል ስለሆነ ትርፉ ሙቀት ቆዳ ላይ ሳይደርስ በአየር ተወስዶ ይቀራል፤ ነጭም ለበሰ ጥቁር ሰውነት ላይ የደረሰው ሙቀት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምወስደው ነገር ቀለም ከመጨነቅ በፊት ልልነትን መመልከት እንደሚገባ ነው። ጥብቅ ብሎ ራስ ላይ የተለጠፈ ነጭ ጨርቅ፣ ላላ ብሎ ከተጠመጠመ ጥቁር ጨርቅ የተሻለ አይደለም።

ከቀለም ይልቅ የሚያሳስበኝ የጨርቁ ጥቅጥቅነት ነው። ልብስ ከጨረር የሚከላከልበት መጠን በቁጥር ይለካል። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ደረቅ ሳለ ቁጥሩ 7 ገደማ ነው፤ ሲረጥብ ወደ 3 ይወርዳል። 7 ማለት ካረፈበት ጨረር ከሰባት አንዱን እጅ ያሳልፋል ማለት ነው፤ 50 ከሆነ ከሃምሳ አንዱን እጅ ብቻ። እንግዲህ ራሱን ለማብረድ ነጠላውን ውኃ ውስጥ ነክሮ በአንድ እጥፍ የሚጠመጥም ሰው በረድኩ እያለ እየተቃጠለ ነው። መርጠብ ያለበት የውስጡ እጥፍና ማጅራት ላይ የሚያርፈው ክፍል ነው፤ የላዩ ደረቅ ሆኖ ይቆይ።

ነጠላ

በእያንዳንዳችን ቤት አለ፤ ያለ አግባብ የሚነቀፈውም ያለ አግባብ የሚወደሰውም እሱ ነው። ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ከሆነ ክሩ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ይህ እኩል አለመሆኑ ለበረሃ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጨርቁ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማይለጠፍ በመካከል አየር የሚገባበት ክፍተት ይቀራል። ላብ ይጠጣል፤ ፊት አይፍቅም፤ የተሰነጠቀ ከንፈር ላይ ሲያርፍ አያሳምምም። ማታ ዳሎል አጠገብ ባለችው ሐመድ ኤላ መንደር፣ ደጅ በተዘረጋ አልጋ ላይ ሲተኛ ደግሞ አንሶላም የፊት መከለያም ይሆናል። ሌላው ጨርቅ ይህን ሁሉ አያደርግም።

ችግሩም የዚያኑ ያህል ነው። ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን የሚሸመነው ስስ ነጠላ ሆን ተብሎ ልል የተደረገ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ የአሸዋ ብናኝም ያሳልፋል። ዘርፉ ረጅም ስለሆነ የግራር እሾህ ይይዘዋል፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ ድሩ እየተሳበ ይመዘዛል። ጥበቡ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሚያብለጨልጭ የፋብሪካ ክር ነው፤ ያ ክር ላብ አይጠጣም፤ አፍንጫ አጥንት ላይ ካረፈ ቆዳ ይልጣል። ወርዱም ለትከሻ እንጂ ለራስ የታሰበ ስላልሆነ ሲጠመጠም ራስ ላይ ይከመራል፤ ሲራመዱም ይንሸራተታል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ነጠላ በአገራችን የራሱ ሥርዓት አለው። ያዘቀዘቀ ሰው ሐዘን ላይ መሆኑን አላፊ አግዳሚው ያውቃል። ለልምምድ ብለው ባለ ጥበብ ነጠላ ፊታቸው ላይ እንዳመጣው ጠምጥመው በሰፈር የሚያልፉ ወጣቶች፣ በየደጁ ያሉ እናቶችን ማን ሞተ ሊያሰኙ እንደሚችሉ ያስቡበት።

ስለዚህ የቤቱን ነጠላ ለቤቱ ትቶ ለበረሃ የሚሆነውን ማሠራት ነው። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ሥር፣ ከከተማው ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ለብዙ ዘመን የሠሩበት ሰፈር ነው። ሱቅ ገብታችሁ የተሰቀለውን ከመምረጥ ይልቅ ሸማኔውን ራሱን አግኝታችሁ የምትፈልጉትን ንገሩት። ጥበብ አይኑረው። ዘርፉ ከአንድ የጣት አንጓ አይርዘም፤ ወይም ጠርዙ ይታጠፍ። ሁለት ወርድ አይቀጠል፤ የመሸመኛው አንድ ወርድ ይበቃል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን። ክሩ ያልነጣ ቢሆን ይመረጣል፤ ያልነጣ ጥጥ ከነጣው ይልቅ ጨረር የመያዝ ኃይል አለውና። ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ «ማጉን ጠበቅ አድርገው ይምቱልኝ» በሉት። ሸማኔ ይህን ሲሰማ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ብዙ ማግ እንደሚፈጅና ጊዜ እንደሚወስድም ይነግራችኋል። የሚጠይቀውን ተጨማሪ ዋጋ ክፈሉት። እኔ በአገር ውስጥም ከውጭ በመጡትም መካከል ከዚህ የሚበልጥ የበረሃ ጨርቅ አላየሁም፤ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ በረሃ ያለን፣ የሸማ ጥበብም ያለን ሕዝብ ሆነን ሁለቱን አለማገናኘታችን ያስቆጨኛል።

ባለ ዳማ የዓረብ ሻርፕ

ቀይና ነጭ ወይም ጥቁርና ነጭ ዳማ ያለበት፣ አራት ማዕዘን የሆነው ሻርፕ ለነፋስና ለአቧራ ተብሎ የኖረ ጨርቅ ነው። ሽመናው ከስስ ነጠላ ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ዳማው ያረፈበት ቦታ ላይ ክሩ ስለሚደራረብ ጨረርም አቧራም በደንብ ይይዛል። በሰያፍ ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ሲሆን ደግሞ በሁለት እጥፍ ራስን ይሸፍናል። አስሮ መፍታቱም ቀላል ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛው መጠን ነው። ጎኑ ቢያንስ 110 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሜትር ከሌላችሁ በሰያፍ አጥፋችሁ ግንባራችሁ ላይ አድርጉት፤ ሁለቱ ጫፎች አገጭ ሥር ተሻግረው ከማጅራት ኋላ መቋጠር ካልቻሉ ትንሽ ነው፤ ለአንገት ጌጥ እንጂ ለበረሃ አይሆንም። ሁለተኛው የክሩ ዓይነት ነው። በየመንገዱ የሚሸጠው አብዛኛው ሻርፕ ጥጥ ተብሎ የሚቀርብ ፖሊስተር ነው። በመልኩ መለየት አይቻልም፤ ሲዳሰስም ያታልላል። ከዘርፉ አንድ ክር መዝዛችሁ ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ የሚተወው አመድ በጣት ሲነካ ብን ይላል። ፖሊስተር ግን እየተኮማተረ ይቀልጣል፤ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ጫፉ ላይም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይቀራል። ቅይጥ ከሆነ ሁለቱንም ታዩበታላችሁ፤ አመዱ ውስጥ ትንንሽ ጠጠር ይገኛል። ሻጩ አንድ ክር መምዘዝ ከከለከላችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

ከሰልባጅ ገበያ የሚገኝ ያገለገለ ባለ ዳማ ሻርፕ ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ለስላሳ ነው፤ የሚለቀው ቀለም አልቋል፤ የሚሰበሰበውም ተሰብስቧል። መሐሉ መሳሳቱን ብቻ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ።

አቡጀዲ፣ ሻሽና የቀሩት

አቡጀዲ በርካሽነቱ ተንቋል እንጂ ለጨው ሜዳ ቀትር ጠንካራ ጨርቅ ነው። ሽመናው የተደፈነ ነው፤ ከመርካቶ ሸማ ተራም ሆነ ከየትኛውም የጨርቅ መደብር በሜትር ይቆረጣል። ሁለት ሜትር ተኩል ግዙና ጠርዙን አሰፉት። አዲሱ ላይ ያለው ማጠንከሪያ ውኃ አያስጠጋም፤ ለብ ባለ ውኃ ደጋግማችሁ ካላጠባችሁት ላብ አይጠጣም፤ ሲነካም እንደ ካርቶን ነው። ከታጠበ በኋላ ግን ይለሰልሳል። ጉድለቱ አየር እንደ ሸማ አለማሳለፉ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ወበቅ ውስጥ ያፍናል። ለልጆችና ቆዳቸው በቶሎ ለሚላጥ ሰዎች ከሁሉ በፊት የምመክረው እሱን ነው።

ሻሽ ብቻውን ስስ ነው። ከሌላ ጨርቅ ሥር፣ ላብ እንዲጠጣ ከሆነ ግን ጥሩ ነው፤ በቶሎ ይደርቃል፤ ሁለት ይዞ እየቀያየሩ መጠቀምም ይቻላል። ፀጉራቸው ረጅም ወይም የተሠራ ሴቶች ለዚህ ሻሽን ቢያስቀድሙ የላዩ ጨርቅ አይንሸራተትባቸውም። ሂጃብ የምትለብስ ሴት ደግሞ ሌላ መሸፈኛ አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የሚለጠጠውን የፖሊስተር ሂጃብ ለጉዞው ትታ ስስ የጥጡን ማድረግና ለነፋሱ ፊት የሚያለብስ ተጨማሪ ርዝመት መተው ነው።

የሰሃራ ቱዋሬጎች የሚጠመጥሙት ረጅም ጨርቅ አሥር ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለእነሱ የዕለት ልብሳቸው ነው፤ ሲጠመጥሙ ያደጉ ናቸው። ልምዱ የሌለን ሰዎች ያን ያህል ርዝመት ስንይዝ አንዱ ጫፍ መሬት እየጠረገ ሌላው ዓይን ይጋርዳል። ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ቀለም የተነከረው ደግሞ ሲያልብ ቀለሙን ቆዳ ላይ ያትማል። ከሦስት ሜትር በላይ መሄድ ለእኛ ጉዞ አስፈላጊ አይመስለኝም።

የሚለጠጠው፣ እንደ ቱቦ የተሰፋው የአንገት ልብስ ሞተረኞችና ብስክሌተኞች ስለሚያደርጉት በወጣቶች ዘንድ ተወድዷል። ለቀዝቃዛ ጠዋት፣ የእንጦጦን ዳገት ለሚሮጥ ሰው ይመቻል፤ መኪና ውስጥ መስኮት ተከፍቶ ሲነዳም አቧራ ይከላከላል። ነገር ግን ቆዳ ላይ ተለጥፎ አየር አያላውስም፤ ሲላብ አፍ ላይ ይጣበቃል፤ ሲዘረጋ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ስለሚሰፉ ጨረር ያሳልፋል። ትልቁ ተቃውሞዬ የኤርታሌን እሳተ ገሞራ ይመለከታል፦ ትኩስ ድንጋይና ፍንጣሪ ባለበት ቦታ ፖሊስተር ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ሊጠቁር፣ ሊበሳ፣ ሊነድድም ይችላል፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ግን አይጣበቅም።

ባርኔጣስ? ጠርዙ ሰፊ የሆነ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ያለው ባርኔጣ ከጨርቁ በላይ ሲደረግ ዓይንን ከላይኛው ብርሃን ያሳርፋል። ከጨርቁ በላይ እንጂ በጨርቁ ፋንታ አይደለም። ነፋሱ ሲበረታ ማውለቅ ነው።

እዚሁ ሰፈር የሚደረግ ፍተሻ

የገዛችሁትን ጨርቅ በማለዳ ቅዝቃዜ አትፈትኑት፤ በማለዳ ሁሉም ጨርቅ ጥሩ ነው። የእኛ ዳርቻ ሰፈሮች ለዚህ የተመቹ ናቸው። በበጋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ ሸክም አዝላችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳታቋርጡ ተራመዱ። የገላንና የአቃቂ ሜዳ ለዚህ ይሆናል፤ እህሉ ከታጨደ በኋላ የየረር ግርጌም እንዲሁ። ስትመለሱ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ጨርቁ ስንት ጊዜ ወርዶ አስተካከላችሁት? ማጅራታችሁ ላይ ያለው እጥፍ በስንት ደቂቃ ደረቀ? ግንባራችሁ ላይስ የክር ምልክት ወይም ሽፍታ ወጥቷል?

ለአቧራ ደግሞ የድንጋይ ካባ ያለበትን፣ ሲኖ ትራክ የሚመላለስበትን የኮረኮንች መንገድ ምረጡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከመንገዱ ዳር ራቅ ብላችሁ ጥቂት ተጓዙ፤ ቤት ስትገቡ በነጭ መሐረብ ተናፈጡ። መሐረቡ ላይ የሚታየው ጥቁረት ጨርቁ ምን ያህል እንዳሳለፈ ይነግራችኋል። በሁለት እጥፍ ያሳለፈ ጨርቅ በአራት እጥፍ ላያሳልፍ ይችላል፤ ግን በአራት እጥፍ መተንፈስ መቻላችሁን ዳገት ላይ አረጋግጡ። ወደ ብርሃንም አንሡት፦ ጨርቁን ለሁለት አጥፋችሁ፣ ከኋላው መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ወደ ጠራ ሰማይ ስታዩት የጣቶቻችሁ ዳር አንድ በአንድ ከተለየ ልል ነው።

አጠማጠም

ለረጅሙ ጨርቅ የምመክረው አጠማጠም ይህ ነው። አንዱን ጫፍ ከግራ ጆሮ ፊት ለፊት እስከ ደረት ድረስ ልቀቁት። የቀረውን በግንባር ዙሪያ፣ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አዙሩ። ሁለተኛውን ዙር ስታዞሩ በአናት በኩል ሸርተት አድርጋችሁ ክፍተቱን ሸፍኑ፤ እዚህ ላይ አትጭመቁት፤ ጣት የሚያስገባ ያህል ልል ይሁን። ሦስተኛው ዙር ማጅራትን ይዞ ያልፋል። ጫፉን ከኋላ ወደ ውስጥ ወሽቁት። አሁን ደረት ላይ የተለቀቀው የመጀመሪያው ጫፍ ለፊት ነው፤ ነፋስ ሲነሣ አፍና አፍንጫን ተሻግሮ በቀኝ በኩል ግንባሩ ላይ ባለው ዙር ውስጥ ይወሸቃል፤ ነፋስ ሲቆም በአንድ እጅ ተመዝዞ ይወርዳል። ይህ የአንድ እጅ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በሌላው እጅ ዱላ ወይም ጀሪካን ይኖራል።

ለባለ ዳማው፦ በሰያፍ ያጠፋችሁትን ግንባር ላይ አድርጉ፤ የግራው ጫፍ ያጠረ፣ የቀኙ የረዘመ ይሁን። አጭሩን አገጭ ሥር አሳልፋችሁ ያዙት፤ ረጅሙን በአፍንጫ ላይ አሻግራችሁ ወደ ኋላ አዙሩና ከአጭሩ ጋር ማጅራት ላይ ቋጥሩ። ቋጠሮው ከቦርሳው ማንገቻ ጋር እንዳይፋተግ ወደ ጎን ሳብ ይደረግ።

ጨርቅ የማያደርገው

ይህን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አያርፍም። ዳሎል ላይ የሚፈልቀው ውኃ እጅግ ከፍተኛ አሲድነት ያለው ነው፤ የአሲድነት ልኬቱ (ፒኤች የሚባለው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ዜሮና ከዚያም በታች ሆኖ ተመዝግቧል። ከምንጮቹ የሚወጣውም ሆነ ኤርታሌ ላይ የሚትጎለጎለው ጋዝ በየትኛውም ጨርቅ፣ በስንትም እጥፍ አይታገድም። የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። እዚያ ቦታ የሚያድነው ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መቆም፣ መንገድ መሪው ተመለሱ ሲል መመለስ፣ ካስፈለገም ለጋዝ የተሠራ ጭምብል ነው። የእሳተ ገሞራ አመድም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ነበር፤ ያን ያህል ደቃቅ ብናኝ ሸማም ሻርፕም ያልፋል።

ጨርቅ የሙቀት ሕመምንም አያስቀርም። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ አረማመዱ ከተወላገደ፣ ቆዳው እንደ ምጣድ ከጋለ ጥምጣሙን ፈትታችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት፤ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ነክራችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ፤ አራግቡለት፤ በፍጥነትም ወደ ሕክምና ውሰዱት። የሚነከረው በሚጠጣው ውኃ ይሁን። የአሳሌ ውኃ ሲደርቅ ጨው ጋግሮ ይቀራል፤ ጨርቁም ቆዳውን ይፍቃል።

በአፋር ዘንድ ጥቁር ሻሽ በልማዱ ያገባች ሴት ምልክት ነው። እንግዳ ሴት ጥቁር ብታደርግ የሚቆጣት አይኖርም፤ የምታየው ልብስ ትርጉም እንዳለው ማወቅ ግን አክብሮት ነው። ወንዶችም የመንደሩን ሰው ሰላም ስትሉ ፊታችሁን የሸፈነውን ጫፍ ዝቅ አድርጉ። ዓይን ብቻ የሚታይ እንግዳ ማንንም አያስደስትም።

ለሸማኔ መንገርን በተመለከተ አንድ ነገር ይቀራል። በረሃው የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሸማኔዎች ደግሞ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት በሚታዘዝ ሥራ ይጨናነቃሉ፤ በበዓል ዋዜማ ጥበብ የሌለው አንድ ወርድ ጨርቅ ሥሩልኝ ብትሉ ወረፋው አይደርሳችሁም፤ ወይም ተቻኩሎ ልል ይሆናል። መስቀል እንዳለፈ እዘዙ። ጨርቁ እጃችሁ ሲገባ በሳሙና ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ብቻ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ ሳይጠመዘዝ በጥላ ይድረቅ። ከታጠበ በኋላ ሸማ ይሰበሰባል፤ ማጉ ይበልጥ ይጠጋጋል፤ ርዝመቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ሜትር ተኩል የምትፈልጉ ከሆነ ሸማኔውን አንድ ክንድ ጨምርልኝ ማለት ነው።